በአንድ የስኮትላንድ ግስ ጡረታ ወጣሁ

ታንተ ወይኒ ነፃ ወጣች! ዛሬ ነፃ ሆና ነገ ደግሞ ተከሳሽ የምትሆንበት ዓይነት ነፃነት እንዳይመስላችሁ፤ ያንንማ አይተነዋል። የአሁኑ ሌላ ነው። በዚያው ነገር ማንም ሰው ዳግመኛ ፍርድ ቤት ሊያቆማት አይችልም። ስኮትላንድ ውስጥ ይህን የሚያደርግ አንድ ግስ አለ። እኔ ያንን ግስ በአማርኛ ተናገርኩና በዚያው ቀን ጡረታ ወጣሁ። ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። አትሳቁ! ሥራ የጀመርኩት በዘጠኝ ዓመቴ ነው።

ሥራዬ ቶልክ ነበር። ሆላንድ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ አስተርጓሚ ማለት ነው። አለቃዬ ማሚ ነበረች። ማሚ እንደ ድስት ታውሰኝ ነበር።

«ሳሮንን ላኪልኝ እስቲ፣ ሄሜንተ ቀጠሮ አለኝ» ይላታል ከቤተ ክርስቲያን አንዱ፤ ሄሜንተ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ነው።

«ውሰዳት፤ ግን ሳትበላ እንዳትመልሳት።»

ደመወዜ ይኸው ነው፤ ፓታት የሚሉት የድንች ጥብስ፣ ማዮኔዙ በዛ ያለ። ለትምህርት ቤት ደግሞ «የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ አለባት» ይባላል። አንድ ቀን መምህሬ ጠራችኝና «ሳሮን፣ እስቲ አፍሽን ክፈቺ፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ምን እየሠሩልሽ ነው?» አለችኝ። ክው አልኩ።

የመጀመሪያ ምድቤ እዚሁ ዴንሃግ፣ ትራንስቫል ሰፈር ነበር። ከገበያው ጀርባ ባለው ሐኪም ቤት ከአንዲት እህት ጋር ገባሁ። ዶክተሩ እሷን ትቶ እኔን እያየ ስለ ማህፀኗ ጠየቀኝ። እኔን! ሆላንድኛውን ከትምህርት ቤት አውቀዋለሁ፤ አማርኛውን ግን ማን ነግሮኝ? እህት ዓይን ዓይኔን ታያለች።

«ሆድሽ ውስጥ ያለው ክፍል ያምሻል ወይ ይልሻል» አልኳት።

«የትኛው ክፍል?»

«ሕፃን የሚከራይበት።»

ሳቋ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። ለሰው ሁሉ አወራችው፤ እስከ ዛሬ «ኪራይ ስንት ገባ?» ይሉኛል። ያን ቀን ግን ቤት ገብቼ ምሳዬን መብላት አቃተኝ። የትልልቅ ሰዎች ነገር ሁሉ በእኔ በኩል ማለፍ ጀመረ። የማን ባል እንደሚጠጣ፣ ማን ልትባረር እንደሆነ፣ የማን ስኳር ከፍ እንዳለ። እሑድ እሑድ አጠገቤ ቆመው ሲዘምሩ እያየኋቸው እደነግጣለሁ። ሰው ይህን ሁሉ ይዞ እንዴት ይዘምራል?

አሁን ወደ ታንተ ወይኒ ልምጣ። ታንተ በሆላንድኛ አክስት ነው፤ እዚህ ያደግን ልጆች የእናቶቻችንን ጓደኞች እንደዚያ ነው የምንጠራቸው። ሙሉ ስሟ ወይንሸት ነው። የመጣችው ከግላስጎ፣ ከስኮትላንድ ነው። እንግሊዞች ከአውሮፓ እንውጣ አንውጣ ብለው መጨቃጨቅ ሳይጀምሩ፣ የእንግሊዝ ፓስፖርቷን ይዛ እዚህ ያለችው እኅቷ ጋ መጣች። እዚያ ሳለች የአንዲት አሮጊት ቤት እየዋለች ትጦራቸው ነበር። አንድ ቀን አሮጊቷ ከቤታቸው ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ታንተ ወይኒ ወጥ ቤት ሾርባ እያሞቀች ነበር፤ አሮጊቷ ብቻቸውን ተነሥተው ነው የወደቁት። ልጃቸው ግን «ክንዷን ይዛ ለቀቀቻት» ብሎ ካሳ ጠይቆ ከሰሳት።

ካሳው አይደለም የጎዳት። «ለቀቀቻት» መባሏ ነው። እዚህ መጥታ በሙያዋ ሥራ ብታገኝም አልገባችም። ዴልፍት ዩኒቨርሲቲ ክፍል ማጽዳት ጀመረች። «ወንበር ቢወድቅ ይነሣል» ትላለች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዲት አሮጊት እጃቸውን ሲዘረጉላት ታንተ ወይኒ ሁለቱንም እጆቿን ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ትከታለች። ብርድ ይመስለን ነበር። በበጋም ስትከት ነው ማሚ ምክንያቱን የነገረችኝ።

እንግሊዝኛዋ የቤት ነው። «ክንድሽን አንሺልኝ የኔ ፍቅር»፣ «ቀስ በይ፣ ይፋጃል» ማለት ትችላለች። የግላስጎው ጠበቃዋ ሲደውል ግን ስልኩን ለሌላ ሰው ታቀብላለች። እንግሊዝኛም በትምህርት ቤት ስለለመድኩ ቶልኳ እኔ ሆንኩ።

የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ ቅዳሜ ሮተርዳም፣ እህት ሙሉነሽ ቤት የሴቶች ጸሎት ነበር። እህት ሙሉነሽን ለማታውቁ፦ ስታጨበጭብ ማይክሮፎን የማያስፈልጋት ሴት ናት። ጸሎቱ መሐል ስልኩ ጮኸ። ጠበቃው ነው። ድምፁን ከፍ አድርገን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው። ሴቶቹ ከበውናል።

ሰውዬው «ሸሪፉ» ሲል ፈረስ ላይ የተቀመጠ፣ ደረቱ ላይ ኮከብ የለጠፈ ሰው ታየኝ። ስኮትላንድ ውስጥ ለካ ሸሪፍ ማለት ዳኛ ነው! ቀጥሎ ሸሪፉ ክሱን «ዲስሚስ» እንዳደረገው ተናገረ። ይህችንማ አውቃታለሁ።

«ዳኛው በነፃ አሰናበተሽ!» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ምን ልበላችሁ? እልልታው ጣሪያውን ሊነቅለው ደረሰ። ታንተ ወይኒ ምንጣፉ ላይ ተደፋች። እህት ሙሉነሽ እልልታዋን ስትጨርስ እንደገና ትጀምራለች። ከእልልታው ሥር ግን ስልኩ ውስጥ ያለው ሰውዬ አሁንም ይናገራል። ምን እንደሚል ማን ይሰማል?

«አመሰግናለሁ ብላለች በይው!» ጮኸች እህት ሙሉነሽ።

«ቴንክ ዩ» አልኩና ስልኩ ተዘጋ።

በማግስቱ ታንተ ወይኒ መድረክ ላይ ወጥታ መሰከረች። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ መልካም ነገር የሰማ ሰው አያሳድረውም። ስትመለስ አንዲት አሮጊት በር ላይ እጃቸውን ዘረጉላት። ያዘቻቸው። ክንዳቸውን አቅፋ ደረጃውን አወረደቻቸው። ማሚ አልቅሳ መሐረቧን አራሰች።

ክሱ ተመልሶ መጣ። ያው ሰውዬ፣ ያው ነገር፣ ወረቀቱ ብቻ አዲስ።

ለካ ሰውዬው ከእልልታው ሥር ሲናገር የነበረው ይህንኑ ነው! ዳኛው የዘጋው የክሱ አጻጻፍ ስለማያስኬድ ነበር። ማስረጃ አልሰማም፤ ማን እውነት ተናገረ አላለም። ከሳሹ አስተካክሎ እንደገና መምጣት ይችላል። «ዲስሚስ» ማለት እዚያ አገር ይኸው ነው።

«ሰይጣን ነው» አለች እህት ሙሉነሽ፣ እንባዋን እየጠረገች።

«ሰይጣንን ተዪው፤ እልልታሽ ነው!» አለቻት ማሚ።

«የሁላችንም እልልታ ነው እንጂ! የኔ ብቻ ነው?»

ታንተ ወይኒ አልተቆጣችንም። «ያን ቀን ሰውዬው አልጨረሰም ነበር ማለት ነው?» ብቻ ነው ያለችው። እጆቿ ወደ ኪሷ ተመለሱ።

እኔ ከዚያ በኋላ ለማንም አላስተረጉምም አልኩ። ሰው ሲደውል መታጠቢያ ቤት እገባለሁ። ማሚ ትንሽ ታገሠችኝና አንድ ቅዳሜ ባቡር አሳፍራ አምስተርዳም፣ ኢንዲሸ ቡርት ሰፈር ወሰደችኝ። የሥራ ባልደረባዋ እናት፣ እማማ ዘይነባ እዚያ ይኖራሉ። የደሴ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በፍርድ ቤትና በሆስፒታል ቶልክ ሆነው ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል፤ የእውነተኛውን ጡረታ።

«ቶልኳ አንቺ ነሽ?»

«አዎ። አንቺስ ስንት ዓመት ሠራሽ?» አልኳቸው።

ማሚ ጎኔን ቆነጠጠችኝ። «እርስዎ በይ!»

እሳቸው ሳቁ። «ተያት። እርስዎን ትደርስበታለች። መጀመሪያ ዝምታ ትልመድ።»

የዝምታ ትምህርቱ እንዲህ ነበር። ሬዲዮ ይከፍታሉ፤ የአየር ሁኔታ በሆላንድኛ ይነበባል። መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋሉ። መዳፉ እስኪነሣ አፌን መክፈት የለብኝም። አንባቢው «ነገ ፀሐይ ይሆናል» ይላል፤ እኔ ልናገር ስል መዳፉ እንደተዘረጋ ነው። «ከሰዓት በኋላ ግን ...» ይላል ሰውዬው። እማማ ዘይነባ በዓይናቸው ይስቃሉ። ለእኔ ቢተው ኖሮ አገሩ ሁሉ አንድ ወር ሙሉ ያለ ካፖርት ይወጣ ነበር።

በጣም ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን፣ ድሮ ፍርድ ቤት እንዴት ይሠሩ እንደነበር እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። ቀጥ ብለው ተቀመጡና «እኔ ሚስቴን መትቻለሁ» አሉ።

«እርስዎ?!»

«ተከሳሹ ነዋ። በእኔ አፍ።»

ለካ ደህና ቶልክ «እንዲህ ይላል፣ እንዲያ ትላለች» አይልም። ሰውዬው «እኔ» ካለ እሱም «እኔ» ነው የሚለው። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት «ይልሻል፣ ትልሃለች» እያልኩ ከሰዎቹ መሐል ቆሜ የፈለግሁትን ሳለሰልስ፣ ሳሳጥር ኖሬያለሁ። «እኔ» ስትሉ ማሳጠር ያስፈራል። እማማ ዘይነባ ከከባድ ቀን በኋላ አፋቸውን በውኃ ይጉመጠመጡ ነበር፤ ዛሬም ስንጨርስ ይጉመጠመጣሉ። «የሰው ቃል አፌ ውስጥ ሲያድር ደስ አይለኝም» ይላሉ።

ለልምምድ ገበያ ይዘውኝ ይወጣሉ፤ ዓሣ ሻጩ ፊት ሆላንድኛ የማይችሉ ሆነው ይቆማሉ። ሻጩ ግን ካወቃቸው ብዙ ዘመን ነው።

«ዘይነባ፣ ዛሬ ደግሞ ሆላንድኛሽ የት ጠፋ?»

«የት ጠፋ ይለኛል?» ይሉኛል በአማርኛ፣ ፊታቸውን ሳይፈቱ። እኔ አስተረጉማለሁ። የማላውቀው የዓሣ ስም ሲመጣ ዘልዬ ማለፍ እፈልጋለሁ፤ እሳቸው ግን ንቅንቅ አይሉም። «አላውቀውም በያ። ለእሱም ለእኔም፣ ሁለታችንም እንድንሰማ።» ቃሉ ከታወቀ በኋላም አማርኛ ካጣሁለት «ቃል ካጠረሽ ዓረፍተ ነገር ስጪን» ይላሉ። ያኔ የማህፀኑን ታሪክ ነገርኳቸው። ዓሣውን አስቀምጠው ሳቁ። «ማሻአላህ! እሱማ ጥሩ ሥራ ነበር» አሉ። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ዘመን ያፈርኩበት!

እንዲህ እያለ ሁለተኛው ክስ ተሰማ። በዚህኛው ጊዜ ታንተ ወይኒ ራሷ ግላስጎ ሄዳ ቃሏን ሰጠች። ልጅየውም ቃሉን ሰጠ። ዳኛው «አስቤበት እወስናለሁ» ብሎ ላካቸው፤ ተመልሳ መጠበቅ ጀመረች። ያንን መጠበቅ አልተርክላችሁም። ዴልፍት ትሄዳለች፣ ታጸዳለች፣ ትመጣለች። ጸልዩልኝ እንኳ አላለችም። «እንደገና እልል ብለው ቢሳሳቱስ?» አለቻት ለማሚ።

ጠበቃው እደውላለሁ ባለበት ቀን እኛ ቤት እንዲሆን የጠየቀችው እሷ ናት። «ሳሮን ታስተርጉምልኝ፤ እማማ ዘይነባም አጠገቧ ይቀመጡ» አለች። ለምን እኔን እንደገና? አልገባኝም፤ ደንግጬ እሺ አልኩ። የእኛ ቤት ደረጃ እንደ መሰላል የቆመ፣ የዴንሃግ ዓይነተኛ ደረጃ ነው። እማማ ዘይነባ በዚያ በሚያማቸው ጉልበታቸው የደረጃውን መያዣ ገመድ ይዘው እያረፉ ወጡ። ታንተ ወይኒ ከኋላ እጇን ኪሷ ከታ እያየቻቸው ቆማ ነበር፤ ከንፈሯን ነክሳ። እህት ሙሉነሽም ከሮተርዳም መጥታለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅልላዋለች። «ይዤዋለሁ፣ አትስጉ» አለችን ከነጠላው ሥር።

ስልኩ ጮኸ። እማማ ዘይነባ መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

ጠበቃው ሰላምታ አቀረበ፤ እኔ «እንደምን ነሽ፣ ጠበቃሽ ነኝ» ብዬ አስተረጎምኩ። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረና ዝም አለ። ሸሪፉ ታንተ ወይኒን «አሶይሊ» አድርጓታል።

አሶይሊ።

«ጨርሰዋል?» አልኩት።

«ጨርሻለሁ» አለ።

ሁሉም ፊቴን ያያል፤ ፊቴ ደግሞ ነጭ ሆኗል መሰለኝ ማሚ ወንበሩን ያዘች። ታንተ ወይኒ ዓይኗን ጨፈነች። የተፈረደባት ይሁን የተፈረደላት ከድምፁ መለየት አልቻልኩም። እንደ ድሮው ቢሆን አንዱን ገምቼ እል ነበር።

«ይህን ቃል አላውቀውም» አልኩ በአማርኛ። ለጠበቃውም በእንግሊዝኛ ደገምኩለት። ወደ እማማ ዘይነባ ዞርኩ። እሳቸው ያውቃሉ፤ እሳቸው የማያውቁት ምን አለ?

«እኔም አላውቀውም» አሉ ጮክ ብለው።

ከሁሉ የበለጠ ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። ከዚያ ግን እሳቸውም ባያውቁት ቀለለኝና ወደ ስልኩ ጠጋ አልኩ።

ጠበቃው ሳቀ። «ይቅርታ፣ ከእኛ ከስኮትላንድ የሕግ ሰዎች ሌላ ማንም አያውቀውም። ሲጻፍ ውስጡ አንድ ዜድ ፊደል አለ፤ እሱም አይነበብም።»

«ታዲያ ለምን ይጻፋል?» አመለጠኝ።

«እኔም ተማሪ ሳለሁ ጠይቄ ነበር» አለ። ከዚያ ቀስ እያለ፣ ቆም እያለ አስረዳ። እኔም «እኔ» እያልኩ ተከተልኩት።

«ያኔ የነገርኩሽ ቃል ስለ መዝገቡ ነበር። መዝገቡ ይዘጋል፤ ከሳሹ ሌላ መዝገብ ይከፍታል። ይህ ግን ስለ አንቺ ነው። ዳኛ ነገሩን ሰምቶ፣ መርምሮ፣ ተከሳሹ ሊጠየቅበት አይገባም ብሎ ሲጨርስ ይህን ቃል ይጠቀማል። ቃሉ ከተባለ በኋላ ያ ሰው በዚያው ነገር ዳግመኛ ሊከስሽ አይችልም።»

ታንተ ወይኒ ዓይኗን ገለጠች። «ይግባኝ ቢልስ?»

ጥያቄውን በእሷ ቦታ ሆኜ ጠየቅሁት። «ይግባኝ እንደማይሉ ጠበቃቸው አሳውቆኛል» አለ። መዳፉ አልተነሣም። «ሌላም ነገር አለ። ዳኛው ያመነው አንቺን ነው። ክንዷን አልለቀቅሽም። ክንዷ እጅሽ ውስጥ አልነበረም። አንቺ ወጥ ቤት ነበርሽ።»

ይህን በአማርኛ ስናገር ድምፄ ተሰበረ፤ ግን አላሳጠርኩም። ከዚያ ያቺን ቃል መስጠት ነበረብኝ። «በነፃ አሰናበተሽ» እንዳልል፣ ያቺን አባባል አንዴ አበላሽተናታል። አንድ ቃል አጣሁላት። ዓረፍተ ነገር ሰጠኋት።

«ዳኛው በዚህ ነገር ማንም ዳግመኛ እንዳይዝሽ አድርጎ ፈትቶሻል።»

ዝም። ቤቱ ሙሉ ዝም! የትራሙ ድምፅ ከመንገድ ይሰማል። እህት ሙሉነሽ ነጠላዋን በሁለት እጇ አፏ ላይ ጨምቃ፣ ዓይኗ ፈጦ የእማማ ዘይነባን መዳፍ ታያለች።

እማማ ዘይነባ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «ጨርሰዋል?»

«ጨርሻለሁ፣ እመቤቴ። በእውነት ጨርሻለሁ።»

መዳፋቸውን አነሡ።

ወይኔ! ታች ያለው ጎረቤታችን ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበ፤ እልልታው ግላስጎ ድረስ ስለተሰማ ማን ይስማው? ጠበቃው ስልኩን ሳይዘጋ ያዳምጥ ነበር። «ይህ ድምፅ ምንድን ነው? ያኔም ሰምቼው ነበር፤ አደጋ መስሎኝ ነበር» አለኝ።

ሲመሽ እማማ ዘይነባ ለባቡራቸው ተነሡ። አፋቸውን ተጉመጠመጡ፤ እኔንም አጉመጠመጡኝ። ደረጃው ጫፍ ላይ ቆመው ወደ ታች አዩ። መውረዱ ከመውጣቱ ይከፋል። እኔና ማሚ እኩል እጃችንን ስንዘረጋ ከኋላችን የካፖርት ጨርቅ ተንሿሿ።

«ክንድዎን ይስጡኝ» አለች ታንተ ወይኒ።

እጆቿ ውጭ ነበሩ። እማማ ዘይነባ አንዴ አዩዋትና ክንዳቸውን ሰጧት። አንድ ደረጃ ወረዱ። ሌላ። መሐል ላይ እማማ ዘይነባ ቀጥ ብለው ቆሙ። ክው አልን።

«ልጄ፣ ጠበቅ አድርገሽ ያዥኝ እንጂ። እንቁላል ነኝ እንዴ?»

ታንተ ወይኒ ሳቀች፤ ሳቋ ደረጃውን ሞላው። ጠበቅ አድርጋ ያዘቻቸው፤ እስከ በሩ፣ እስከ ትራሙ ድረስ አልለቀቀቻቸውም።

ከላይ ሆነን እያየናቸው ማሚ ትከሻዬን አቀፈችኝ። «ሳሮን፣ ከዛሬ ጀምሮ ጡረታ ወጥተሻል» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ፓስተሩ ለጉባኤው አስታወቀ፤ ከእንግዲህ ማንም የትልቅ ሰው ጉዳይ ላይ ልጅ አያስቆምም። ቅዳሜ ቅዳሜ እማማ ዘይነባ ለትልልቆቹ የቶልክ ትምህርት ይሰጣሉ። የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ ማን ናት? እህት ሙሉነሽ! በዝምታው ትምህርት እስካሁን እየወደቀች ነው። ታንተ ወይኒ ደግሞ ዴልፍትን ተሰናብታ ሮተርዳም፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ሥራ ጀምራለች። እኔ አሁን ለራሴ እናገራለሁ፤ ለራሴም እጽፋለሁ። ይኸው እየጻፍኩ ነው።

በሚመጣው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ትራንስቫል በሚገኘው አዳራሻችን ታንተ ወይኒ፣ በዚህ ጊዜ ሳትቸኩል፣ ትመሰክራለች። ያላመናችሁም ያመናችሁም፣ የየትኛውም እምነት ሰዎች፣ ሁላችሁም ተጠርታችኋል። እማማ ዘይነባ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። እልልታችሁን ይዛችሁ ኑ። ብቻ መዳፋቸውን እያያችሁ፤ ተናግራ እስክትጨርስ ያዙልን።